የፈሪሀ ላም የወጋችው ሰው

እኔ ረዲ እባላለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ከቆቦ ዋጃ፣ ከዋጃ አላማጣ ሚኒባስ ስነዳ የኖርኩ ሰው ነኝ። የማወራው ግን ስለ ወንድሜ ልጅ ስለ ፈሪሀ ነው። ፈሪሀ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች፤ ሥራዋ ባክቴሪያ ሰውን እንዴት እንደሚያሳምም መመራመር ነው። ዶክተር ናት ስል ታዲያ ተሳፋሪው ሁሉ እጅጌውን ሰብስቦ "እስቲ ይቺን እብጠት ታየኝ" ይለኛል። ኧረ የዚያ ዓይነት ዶክተር አይደለችም! የምትመረምረው በሽተኛውን ሳይሆን በሽታውን ነው። ስንቴ ልናገር? ሰው አይሰማም።

እንዲህ እንደ ልቤ የማወራው ደግሞ እሷ ስለሌለች ነው። ስትመጣ ወሬ እንቀይራለን።

አባቷ ታሂር ታላቅ ወንድሜ ነበር። በእኛ ቤት ወግ ልጅ ሲወለድ እትብቱ ሳይደርቅ አባቱ አንዲት ጥጃ ይሰጠዋል። የእትብት ላም እንላታለን። ከዚያች ላም የሚወለደው ሁሉ የልጁ ነው፤ አባትም ቢሆን ልጁን ሳይጠይቅ አይሸጥም፣ አያርድም። ታሂር ለፈሪሀ የሰጣት ጥጃ ግንባሯ ላይ ነጭ ነበራትና ቦራ አልናት። አሁን ያለችው ቦራ የዚያች የልጅ ልጅ ናት፤ ስሙ ወርዶ ወርዶ እሷ ላይ ደርሷል።

ታሂር የሞተው ፈሪሀ ገና ፊደል ስትቆጥር ነው። ከቀትር በኋላ ትኩሳት ይይዘዋል፣ ማታ ላብ ያጠምቀዋል፣ ጠዋት ደህና ሰው ሆኖ ይነሳል። ለአንድ ወር ይተወውና ደግሞ ይመለስበታል። ወባ ነው አሉ። ቆቦ ላይ እኮ ስሙ የጠፋ በሽታ ሁሉ ወባ ነው። እንዲህ ሲል ከርሞ በመጨረሻ ልቡ ደከመና ሞተብን። ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ እየተላቀሰ እሷ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች።

"አጎቴ፣ አባዬን ምንድን ነው የገደለው?"

"ቀኑ ደርሶ ነው።"

"ቀኑ ለምን ደረሰ?"

ምን ልበላት? "ዝም በይ፣ ሰው ይሰማሻል" አልኳት። መቼ ዝም ብላ! እኔ እንደሚመስለኝ እስከ ዛሬም የምትጠይቀው ያንኑ ጥያቄ ነው፤ ልዩነቱ አሁን ደመወዝ ይከፍሏታል።

ያሳደገቻት እናቴ ሀሊሜ ናት። የእናቴ ቤት ከቆቦ ወጣ ብሎ፣ የዞብል ተራራ ፊት ለፊት በሚታይበት ሜዳ ላይ ነው፤ ከእኔ ቤት የሚለየው አጥር ብቻ ነው። ላም የምታልበው እናቴ፣ ቅሉን በወይራ ጭስ የምታጥነው እናቴ፣ ለእኔም ለጎረቤት ልጅም ወተት የምታድለው እናቴ። በእሷ ቤት እንግዳ ሆኖ ወተት ያልጠጣ ሰው እንደ ተጣላ ነው የሚቆጠረው።

እነፈሪሀ በሚማሩበት ትምህርት ቤት አንድ ማይክሮስኮፕ ነበር አሉ፤ እንዳይሰበር ተብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት የሚኖር። አንድ ቀን መምህራቸው አውጥቶ የኩሬ ውሃ ጠብታ አሳያቸው። ማታ እየሮጠች መጣችና "አጎቴ፣ ውሃው ውስጥ ሰፈር አለ!" አለችኝ። ያን ቀን ውሃ ሳልጠጣ ነው የተኛሁት።

ዩኒቨርሲቲ ስትገባ እኛ ሕክምና ስንጠብቅ ባዮሎጂ ሆነ። ተናደድኩ፤ ለምን እዋሻለሁ። "ትል ልትቆጥሪ ነው?" ብላት "ከትል ያንሳል" ብላ ሳቀችብኝ። ሲቸግራት የቦራ ጥጃ ይሸጥላታል። እናቴ ታዲያ ስልክ አስደውላ "ከላሞችሽ አንዷን ልንሸጥልሽ ነው፣ ትፈቅጃለሽ?" ሳትል አንድም ቀን አልሸጠችም። እኔ "ላም አለኝ በሰማይ" እያልኩ ፈሪሀን አበሽቃት ነበር። ላሞቹ የእሷ፣ ወተቱ የእኛ።

ተመርቃ እዚያው አስተማሪ ሆና ቀረች። ሁለተኛ ዲግሪዋን ስትጀምር የምታጠናውን ምረጪ ቢሏት ብሩሴላን መረጠች። ብሩሴላ ከላም፣ ከፍየል፣ ከግመል ወደ ሰው የምትመጣ ባክቴሪያ ናት፤ ከብቱን ታስወርዳለች፣ ሰውን ታተኩሳለች። ጓደኞቿ ስም ያለው፣ ገንዘብ የሚመጣበት በሽታ ሲይዙ እሷ የከብት በሽታ ያዘች ብለው አዘኑላት። እኔም ሳላዝን አልቀረሁም።

"ለምን እሷን?" አልኳት አንድ ቀን፣ ከመናኸሪያ ተቀብያት እየወሰድኳት።

"ስለምትመለስ" አለችኝ። "ሰውነታችን ዘበኛ አለው፣ አጎቴ። ሌላው ባክቴሪያ ዘበኛውን ይሸሸዋል ወይ ይታገለዋል። ይቺ ግን ትዋጥለታለች። ዘበኛው በላኋት ብሎ ሲተኛ እሷ ሆዱ ውስጥ ጓዳ ሠርታ ትኖራለች፣ ትባዛለች። አንድ ቀን ትወጣለች፤ ያኔ ትኩሳቱ ይመለሳል።"

"ዘበኛው ምን ዓይነት ደንቆሮ ነው?"

"ደንቆሮ አይደለም። እንዴት እንደምታታልለው ማወቅ ነው የእኔ ሥራ።"

ለዚህች ነገር ወጣትነቷን ሰጠች። ባክቴሪያዋን በሕይወት የሚያሳድጉበት ልዩ ላብራቶሪ ያስፈልጋል ብላ ለጥቂት ወራት ባሕር ማዶ ሄዳ ተመለሰች። ጽሑፍ ትልካለች፣ አስተካክለሽ ላኪ ብለው ይመልሱባታል። ታስተካክላለች፣ አሁንም ይመልሱባታል። "በቃ ተያቸው!" ስላት "ልክ ናቸው እኮ" ትለኛለች። እንዲህ ያለ ሰው ያበሳጫል። ሦስተኛ ዲግሪዋን እየተማረች ሳለ ጦርነቱ መጣ። መብራት ጠፍቶ በማቀዝቀዣ ያስቀመጠችው የሰውና የከብት ደም ሁሉ ተበላሸ፤ የዓመታት ልፋት ነው። ስልክ ሲለቀቅ ደህንነታችንን ከጠየቀች በኋላ "አጎቴ፣ ሁሉም ተደፋ" ብላ ስቅስቅ አለች። እኔም አለቀስኩ፤ ምን እንደተደፋ በደንብ ሳይገባኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይተወው ነበር። እሷ ግን "እንግዲህ ከቤቴ እጀምራለሁ" ብላ ወደ እኛ መጣች።

እኔ በዚያን ወቅት ታምሜ ነበር። ከበሽታዬም በላይ ያስቸገረኝ ሁሉም ነገር ምክንያት ያለው መሆኑ ነው። ወገቤን ሲያመኝ የሹፌር ወገብ ነው ይባላል። ማታ ሲያልበኝ፣ ቆቦ ማን የማያልበው አለ? ትኩሳቱን ክሊኒክ ብሄድ ወባ ነው አሉኝ። ወባው ሲታከም አልለቅ ሲለኝ ታይፎይድ ነው አሉኝ። ቀጥሎ ሁለቱም ተደባልቀውብሃል ተባልኩ። ከመሪው ስወርድ እንደ ሽማግሌ ጎብጬ ነበር የምሄደው፤ ሚኒባሷን ለሰው ሰጥቼ ቤት የዋልኩባቸውም ቀኖች ብዙ ናቸው። እናቴ ታዲያ ባሰብኝ ቁጥር ወተቱን ታበዛዋለች። "ጠጣ ልጄ፣ አጥንትህ ይጠገን" ትለኛለች። ቆማ ታየኛለች፤ ሳልጨርስ አትሄድም።

ፈሪሀ ለጥናቷ ደም ስጡኝ ብላ መንደሩን ብትለምን ማን ይስጣት! ደማችንን ወስዳ ልትሸጠው ነው ተባለ። ያሳደጋት መንደር እኮ ነው! እኔ ደሜ ፈላና ሰው በተሰበሰበበት ክንዴን ዘረጋሁላት። "ውሰጂ! የእኔ ደም ገዢ ካገኘ ትርፉን እንካፈላለን" አልኩ። ሰው ሳቀ፣ ከሳቁም በኋላ አንድ አንድ እያለ መጣ። ከላሞችም ወሰደች፤ ቦራንም አልዘለለቻትም።

ከጥቂት ቀን በኋላ "ጎብዬ ድረስ አድርሰኝ" አለችኝ። መንገድ ላይ ሳለን "አቁም" አለች። ዳር ይዤ ሞተር አጠፋሁ። ተሳፋሪ የለም፤ እኔና እሷ ብቻ ነን።

"አጎቴ፣ አንተም ላይ ተገኘ፣ ቦራም ላይ ተገኘ።"

"ምኑ?"

"ብሩሴላ።"

ወላሂ መጀመሪያ ደስ ነው ያለኝ! በሽታዬ ስም ወጣለት፣ አልሐምዱሊላህ። መድኃኒትም አለው አለችኝ፤ ከአንድ ወር በላይ ሳያቋርጡ የሚዋጥ። "ይሄን ሁሉ ዘመን ወገቤ ውስጥ ተከራይ ነበር በይኛ፤ ያውም ኪራይ የማይከፍል" ብዬ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ያኔ ነው ቀስ ብሎ የገባኝ።

"ከወተቱ ነው?"

"ከጥሬ ወተቱ ነው።"

"እናቴ ከምትሰጠኝ?"

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

"ስሚኝ ፈሪሀ" አልኳት። "መድኃኒትሽን በድብቅ እውጣለሁ። ካልሆነም ወገቤ እንደጎበጠ ይቅር። እናቴ ግን እንዳትሰማ። በእጄ ልጄን ስመርዘው ኖርኩ ብላ ትሞትብናለች። ደግሞ እኔን ብቻ አይደለም የምትቆጥረው። ታሂርን ትቆጥራለች።"

"እኔስ ያልቆጠርኩት ይመስልሃል?" አለችኝ። ዓይኗ ሞላ። "የአባዬ ደም የለኝም። እሱም በዚህ ይሙት በሌላ መቼም አላውቅም። ይሄን ሁሉ ተምሬ እሱን አላውቅም።"

"እንግዲያው ዝም በይ።"

"ዝም ካልኩ ነገ ጠዋትም ትሰጥሃለች። ለጎረቤት ልጆችም ትሰጣለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ስትሉ አይደል ያሳደጋችሁኝ?"

"እሱ የራሱን በሽታ ለደበቀ ነው! ይሄ የእናቴ ነው!" ብዬ ጮህኩባት። ሞተሩን አስነስቼ ጎብዬ ደረስን። ሻይ ቤት ገብተን እንኳ ሻያችን ቀዘቀዘ።

"አፍልታ ትስጥህ ማለት ብቻ ይበቃ ነበር" አለች በመጨረሻ፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ። አይበቃም! በእኛ አገር ወተት እሳት ላይ ከወጣ የላሟ ጡት ይነጥፋል ይባላል። እናቴ ያለ ምክንያት የሰው ላም ጡት አታደርቅም፤ ያውም አባት የሌላት የየቲም ልጅ ላም። ምክንያቱን ይንገሯት ቢባል ደግሞ ምክንያቱ ያው እሷን የሚገድላት ነው።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌ ጠርታብኛለች ተባልኩ። አጃኢብ! የገዛ ወንድሜ ልጅ!

ሽማግሌዎቹ ከእናቴ ቤት አጠገብ ካለው ቁርቁራ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ክርስቲያኑም እስላሙም አለ፤ ነገሩን የሚመሩት አያ ይሁኔ ናቸው፣ በነገር አዋቂነታቸው አገር የሚያከብራቸው ክርስቲያን ሽማግሌ። እናቴ ከሴቶቹ ጋር ዳር ይዛለች። ዱዓ ተደረገ፣ ተመረቀ።

"ከሳሽ ማን ነው?" አሉ አያ ይሁኔ።

"አጎቴ ረዲ ነው" አለች ፈሪሀ።

"እኔ?! ማንን ከሰስኩ?"

"እኔን።" ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። "አባቶቼ፣ ላሜ ሰው ወግታለች። ባለቤቷ እኔ ነኝ፤ ልትፈርዱብኝ ነው የጠራኋችሁ።"

ወጉን ላላወቀ ልንገር። የሚዋጋ ከብት ያለው ሰው "ከብቴ ይዋጋል፣ ተጠንቀቁ" ብሎ ለመንደሩ መናገር አለበት። ሳይናገር ከብቱ ሰው ቢጎዳ ጥፋቱ የባለቤቱ ነው፤ ካሳ ይከፍላል። ያሰረው፣ የፈታው፣ ያጠጣው ሰው አይጠየቅም። ባለቤቱ ተናግሮ ሲያበቃ የተወጋ ደግሞ ራሱን ይውቀስ።

"ቦራ?" አሉ አንዱ። "ቦራ ዝንብ እንኳ አታባርር!"

"በቀንዷ አይደለም አባቴ። በወተቷ ነው።"

ጉርምርምታ ሆነ። እሷ ግን ረጋ ብላ አስረዳች፤ ስለ ዘበኛው፣ ሆዱ ውስጥ ስለምትሠራው ጓዳ፣ ስለሚመላለሰው ትኩሳት። የእኔን ወገብ ለመንደሩ ሁሉ አወራችው። ከዚያ ይህን አለች፤ ቃል በቃል ነው የማስታውሰው፦

"ቦራ የእትብቴ ላም ናት። ባለቤት ከብቱን ማወቅ አለበት፤ እኔ ደግሞ ሥራዬ ይኸው በሽታ ሆኖ ሳለ ከሁሉ በፊት ማወቅ ነበረብኝ። የሰው አገር ላም ስመረምር የራሴን ሳላይ ቀረሁ። አላስጠነቀቅኩም። ስለዚህ ጥፋቱ የእኔ ነው። በዚህ ቤት የሌላ የማንም ሰው ጥፋት የለም።"

ያኔ ገባኝ። ዳር የተቀመጠችውን እናቴን ላለማየት መሬት መሬት አየሁ።

አያ ይሁኔ በዱላቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ። "እሺ፣ ምን ይሁን ትያለሽ?"

"ከመንጋው ተለይታ ለብቻዋ ትታሰር። ለሌላ ሰው አትሸጥ፣ የሌላውን መንጋ ታሳምማለች። ወተቷም የሌሎቹም ላሞች ወተት ሳይፈላ አይጠጣ።"

"ወተት ከፈላ ጡቷ ይነጥፋላ!" አሉ ሌላው።

"ላሚቱ የማን ናት?"

"ያንቺ።"

"ጡቷስ?"

"ያው ያንቺ።"

"እንግዲያው ቢነጥፍ የሚነጥፈው የእኔ ነው። ይንጠፍ!"

አያ ይሁኔ በሳቅ ፈነዱ። "እቺስ የታሂር ልጅ ናት" አሉ። ፈረዱም፦ ባለቤቲቱ አጥፍታለች፤ አሁን ግን ተናግራለችና ከዛሬ ወዲያ ጥሬ ወተት ጠጥቶ የታመመ ሰው ማንንም አይክሰስ፤ ሌላውም ባለ ላም ይህን ሰምቶ ዝም ካለ እሱ ይጠየቃል። ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ። "ካሳህን ጠይቅ።"

"ካሳዬ" አልኩ። "ካሳዬ በየዓመቱ ለአረፋ እዚህ ትምጣልኝ። ሥራ በዛብኝ አልሰማም።"

መድኃኒቱን ጀመርኩ። አንደኛው ኪኒን ሽንት ቀይ ያደርጋል ብላ ነግራኝ ነበር፤ ረስቼው መጀመሪያ ቀን ሱብሃነላህ፣ አለቀልኝ ብዬ ጮህኩ። ቀስ በቀስ ላቡ ቀረ፣ ትኩሳቱ ቀረ፣ ወገቤ ቀና አለ። መንደርተኛው ደግሞ ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ አንገቱን እያሰገገ ቦራን ያያል፤ ነጠፈች አልነጠፈች ብሎ። አልነጠፈችም! እንዲያውም ከፍርዱ ወዲህ ወተት ሳያፈሉ ለሰው ልጅ መስጠት የሚያስጠይቅ ነገር ሆነና ሴቶቹ አንዳቸው ሌላቸውን መጠበቅ ጀመሩ። ፈሪሀ ከእኛ መንደር ያገኘችውን ይዛ ሦስተኛ ዲግሪዋን ጨረሰች። የመመረቂያ ፎቶዋ ሚኒባሴ መስተዋት ላይ ተለጥፏል።

እሷ ወደ ሥራዋ ከተመለሰች በኋላ ነው፣ አንድ ጠዋት እናቴ ወተት ይዛልኝ መጣች። የፈላ ነው፤ ስልባቦቱ ከላይ ይታያል። እንደ ወትሮው ልጠጣ እጄን ስዘረጋ አልሰጠችኝም። መጀመሪያ ራሷ ፉት አለች። ከዚያ አጠገቤ ተቀመጠች።

"ያልገባኝ መስሏችኋል?" አለችኝ።

"ምኑ እማዬ?"

"የማልበው እኔ። ቅሉን የማጥነው እኔ። ጠጣ ብዬ የማስጨንቅህ እኔ። ያቺ ልጅ ሽማግሌ ፊት ቆማ 'የሌላ የማንም ሰው ጥፋት የለም' ስትል ሁሉንም እያየች ነበር። እኔን ግን አንዴ እንኳ ዞር ብላ አላየችኝም። ያኔ ነው የገባኝ።"

"እማዬ፣ አንቺ ምን ታውቂ ነበር? ለማዳን ብለሽ..."

"ታሂርንም አስቤዋለሁ" አለች። አላለቀሰችም። "አላህ ያውቃል። እኔና አላህ እንነጋገርበታለን።"

እጇን ያዝኩት። ሻካራ እጅ ነው፤ የወይራ ጭስ ይሸታል። ያን እጅ ሳምኩት፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ? ትንሽ ቆይታ ወተቱን ሰጠችኝ፣ ስጨርስም ቅሉን ተቀብላኝ ተነሳች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች።

"ለፈሪሀ እንዳትነግራት" አለችኝ። "አያቴ አላወቀችም ብላ ልቧ አርፎ ሄዳለች። እረፍቷን እንዳትነካባት።"

ባለፈው አረፋ ፈሪሀ መጣች፤ እስከ ዛሬ ካሳዬን አጉድላብኝ አታውቅም። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታን ወተቱን እሳት ላይ ታማስላለች። ፈሪሀ ስታያት ቆየችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

"አጎቴ፣ እስከ ዛሬ አላወቀችም አይደል?"

የእናቴ ማማሰያ ለአፍታ ቆም ሲል አየሁት።

"የት አውቃ!" አልኳት።